ከአዳራሹ በር ውጭ

ይህን አግዳሚ ወንበር የሠራው አናጺ ሰው ይቀመጥበታል ብሎ አላሰበም። መደገፊያው ቀጥ ያለ፣ መቀመጫው ጠባብ፣ አንዱ እግሩ ደግሞ አጭር ነው፤ በተነቃነቅሁ ቁጥር ያንገጫግጨኛል። በቀኜ እንደኔው የምክር ቤት አባል የሆኑት ሽማግሌው ጋሼ ተቀምጠዋል። መስኮቱ ጋ ሲቪል የለበሱ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። አንደኛው ስልኩን ይነካካል፣ ሌላው ጫማውን ያያል። ፊት ለፊታችን ያለው የአዳራሹ ትልቅ በር ተዘግቷል። ከበሩ ወዲያ የምክር ቤት አባላት ተቀምጠው በእኔና በጋሼ ላይ ድምፅ ሊሰጡ ነው።

ነገሩ ቀላል ነው። የምክር ቤት አባል ምክር ቤቱ ራሱ ካልፈቀደ በስተቀር አይያዝም፣ አይከሰስም። ያለመከሰስ መብት የሚሉት ይህንን ነው። ዛሬ ይህን መብት ከላያችን ላይ እንግፈፍ ወይስ እንተው ብለው ይወስናሉ። እንግፈፍ ካሉ እነዚያ ሁለት ሰዎች ይዘውን ይሄዳሉ። እንተው ካሉ ቤታችን እንገባለን። ደንቡ "ጉዳዩ የሚመለከተው አባል መልሱን ሰጥቶ ድምፅ ሲሰጥ ይወጣል" ስለሚል፣ እኛም መልሳችንን ሰጥተን ወጥተናል።

ፈርቻለሁ። ምን ልደብቅ! እጄን የት እንደማደርገው ጠፍቶኛል። ጋሼ ግን እንደ ልማዳቸው እግራቸውን አጣምረው ጣሪያውን ያያሉ። እኚህ ሰው ሲፈጠሩ ፍርሃት የሚባለው ነገር ተረስቶባቸዋል እያልኩ ስገረም ነው የኖርኩት።

እኔን የሰፈሬ ሰው "ጡሩምባ" ይለኛል። ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት አውቶቡስ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነበርኩ። ያንን ሁሉ የሚጋፋ ሕዝብ በድምፄ ብቻ ቀጥ አድርጌ አሰልፍ ነበር። ሲመርጡኝም "ይቺ ሴትዮ እዚያ ሄዳ ትጮህልናለች" ብለው ነው። መጣሁ። ማይክራፎን ፊት አስቀመጡኝና አፌ ተለጎመ። እቤቴ አንበሳ፣ አዳራሽ ውስጥ ድመት ሆንኩላችሁ። ማይክራፎኑ ለሁለት ሰው አንድ ነው። የእኔና የጋሼ የጋራችን ነበር፣ ግን ጋራ የተባለው ለይስሙላ ነው። አቧራውን ከመጥረግ በቀር እኔ ነክቼው አላውቅም።

ጋሼ ድሮ የሂሳብ መምህር ነበሩ። የገባሁ ሰሞን ነገሩ ሁሉ ግራ ሲገባኝ አይተው አዘኑልኝ። "ልጄ፣ ይሄ አዳራሽ ገበታው ነው፤ የሚበስለው ኮሚቴ ውስጥ ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የሕግ ረቂቅ ከመንግሥት ይመጣል፣ አዳራሽ ውስጥ ይነበባል፣ ከዚያ ጉዳዩ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው ባለሙያ ይጠራል፣ ባለጉዳይ ያናግራል፣ ይጨቃጨቃል፣ ቃል ይሰርዛል፣ ቃል ይጨምራል። ከዚያ ሪፖርቱን ይዞ ይመለሳል፣ አዳራሹ ይከራከራል፣ መጨረሻ ላይ እጅ ይወጣል። ጋሼ የበጀት ቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ። እኔም እሳቸው ሥር የዚያው ኮሚቴ አባል ነበርኩ።

የጣጣችን መነሻ አንድ ድልድይ ነው። ተሠርቶ አለቀ ተብሎ ሪፖርት ቀረበልን። ጋሼ "እስቲ እንየው" ብለው ኮሚቴውን ይዘው ወረዱ። ወንዙ አለ፣ ድልድዩ የለም። ሽማግሌው ሱሪያቸውን ጠቅልለው ውሃው ውስጥ ገቡና "ምናልባት ከሥር ተሠርቶ ይሆናል" ብለው በእግራቸው ዳሰሱ። በሳቅ ሞትን። ድልድዩን ሠርቻለሁ ያሉትን ሚኒስትር ኮሚቴ ፊት ጠርተው "ክቡር ሚኒስትር፣ በእርስዎ ድልድይ ላይ ተሻግሬ ሱሪዬ እስካሁን አልደረቀም" ሲሏቸው ግን የሳቀ ሰው አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ አቃቤ ሕግ ደብዳቤ ጻፈ። ጋሼ የመንግሥት ሚስጥር አውጥተዋልና መብታቸው ይነሳ የሚል ነው።

እንግዲህ የእኛን ቤት ሁለት ልማድ ልንገራችሁ፣ አለዚያ የመጣብኝ አይገባችሁም።

አንደኛው ፊርማ ነው። ስብሰባ የሚጀመረው ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ሲገኙ ነው፤ ምልዓተ ጉባኤ ይባላል። ጠዋት በር ላይ ትፈርማለህ፣ አፈ ጉባኤው "ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል" ይላሉ፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ሻይ ቤት ገብተህ ብትውል፣ ሽንት ቤት ተኝተህ ብታመሽ እንደተገኘህ ትቆጠራለህ። አንድ አባል ተነስቶ "ይቆጠር" ካላለ በስተቀር ማንም አይቆጥርም። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ አይተን አናውቅም።

ሁለተኛው የድምፅ አሰጣጡ ነው። አፈ ጉባኤው ጊዜ ለመቆጠብ መጀመሪያ "ተቃውሞ ያለው?" ይላሉ። ቀጥለው "ድምፀ ተአቅቦ?" ይላሉ። እጅ ካልወጣ "በሙሉ ድምፅ ጸድቋል" ብለው መዶሻቸውን ያሳርፋሉ። ማን ደገፈ ተብሎ አይጠየቅም። ዝም ያለ ሁሉ ደግፏል። ከፊት የፓርቲያችን ተጠሪ ይቀመጣል፤ የእኛን እጅ የሚጠብቅ ሰው ነው። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ካስተኛው ዝም በሉ ማለቱ ነው። ብዕሩ አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ ነው የሚውለው።

ፈሪ ደግሞ ዘዴ አያጣም። ነገር የከበደ ቀን ብዙው ሰው ጠዋት ፈርሞ፣ ከሻይ ሰዓት በኋላ ሳይመለስ ይቀራል። "እኔ የለሁበትም" ለማለት ያህል ነው። የዚህ ሁሉ አለቃ ከኋላ ረድፍ ያለ አንድ ወፍራም አባል ነው። ድምፅ ሊሰጥ ሲል "ስኳሬ ተነሳብኝ" ብሎ ሽንት ቤት ይሮጣል። ስሙንም ስኳሬ አልነው። ስቀንበት አናባራም ነበር፣ እኔም ዋነኛዋ ነኝ።

የጋሼ ጉዳይ መጀመሪያ የቀረበው ለእረፍት ከመበተናችን በፊት በመጨረሻው ስብሰባ ነው። ያን ጠዋት ባሌ በሩ ላይ ቆሞ መንገድ ከለከለኝ። ልብስ ሰፊ ነው፣ የዋህ ሰው ነው፣ ከሱቁ ሬዲዮ ጋር ሲጨቃጨቅ ይውላል።

"ነገ ልጆቹ ማንን እናቴ ይበሉ?" አለኝ። "አደራሽን ዛሬ ዝም በይ።"

"ስንት ዓመት ሙሉ ዝም ያልኩትን ሴትዮ ዛሬ ምን አስፈራህ?"

"አላውቅም። አስፈራኝ። ማይልኝ።"

"ልጆቼን! ዝም እላለሁ" ብዬ ማልኩለት። ያኔ ከልቤ ነበር። ዝም ማለት ምን ይከብዳል?

አዳራሹ ጠዋት ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ከሻይ በኋላ ስንመለስ ግን የሕግ ኮሚቴ ሰብሳቢዋ ሪፖርቷን ስታነብ ድምፅዋ ባዶ ወንበሮች ላይ ያስተጋባ ነበር። ሴትዮዋ አንድ ጊዜም ከወረቀቱ ቀና አላለችም። ከዚያ ጋሼ ተነሱ።

"ወንዙን አየሁ፣ ድልድዩን አላየሁም" አሉ። "ይህ ሚስጥር ከሆነ የአካባቢው ፍየል ሁሉ ያውቀዋል። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።" መነጽራቸውን ጠረጴዛው ላይ ረስተው ወጡ። በሩ ተዘጋ።

መነጽሩን እያየሁ ቀረሁ። ተጠሪው ብዕሩን አስተኛ። አፈ ጉባኤው ወረቀታቸውን አስተካከሉ። እኔ በዚያች ቅጽበት ገባኝ። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ዝም ብዬ ብቀመጥ፣ ጋሼን ለእነዚያ ሰዎች አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሻይ ቤት የተደበቁትም እጃችን ንጹህ ነው ብለው ሻያቸውን እየጠጡ፣ በጠዋት ፊርማቸው ሽማግሌውን እያሳሰሩ ነው። ማናችንም አላሰርናቸውም እንላለን፣ ሁላችንም አስረናቸዋል። ሰው እንዴት ዝም ብሎ ተቀምጦ ሰው ይበላል? ወይ ጉድ!

"ተቃውሞ ያለው?" አሉ አፈ ጉባኤው።

ተቃውሞ ልበል? ብቻዬን እጄን ባወጣ "በአንድ ተቃውሞ ጸድቋል" ይላሉ፣ ጋሼም ይሄዳሉ፣ እኔም እከተላለሁ። ባዶዎቹን ወንበሮች ዞሬ አየኋቸው። መናኸሪያ ሳለሁ ሳይሞላ ውልቅ ሊል የሚዳዳው አውቶቡስ ሳይ የሚይዘኝ ንዴት ያዘኝ። ንዴቱ ባይመጣልኝ ፍርሃቴ አስቀምጦ ያስቀረኝ ነበር።

"ድምፀ ተአቅቦ?"

የማይክራፎኑን ቁልፍ ተጫንኩ። ቀዩ መብራት በራ።

"ክቡር አፈ ጉባኤ፣ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ" አልኩ። ያ የጡሩምባ ድምፄ የት እንደገባ እንጃ፣ የወጣው የጫጩት ድምፅ ነው። "ምልዓተ ጉባኤ ያለ አይመስለኝም። ይቆጠር።"

ተጠሪው ቀስ ብሎ ዞረና አየኝ። አልተቆጣም፤ እንዲያው እዚያ ቦታ መቀመጤን ገና ዛሬ እንዳወቀ ሰው ነው ያየኝ። አፈ ጉባኤው ወደ ጸሐፊው አጎነበሱ፣ ጸሐፊው የደንቡን መጽሐፍ አሳያቸው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቆጠራ ከተጠየቀ ደወል ተደውሎ ውጭ ያሉት ይጠራሉ፣ ከዚያ ይቆጠራል። ደወሉ ጮኸ።

ይኼኔ ነው የሠራሁት ስህተት የታየኝ። የደበቃቸው ፍርሃት ነው፤ እኔ ደግሞ ደወል ደውዬ አስጠራኋቸው! ተጠሪው ብድግ ብሎ ወጣ። ሻይ ቤት ሄዶ ሰዎቹን እየነዳ ሊመጣ ነው። ቢመጡ ምልዓተ ጉባኤው ይሞላል፣ ዝም ብለው ይቀመጣሉ፣ ዝምታቸው ድጋፍ ይሆናል። ጋሼንም አላዳንኩ፣ ራሴንም አስበላሁ። ጎበዝ ጡሩምባ!

መምጣት ጀመሩ። አንዱ ብስኩቱን እያላመጠ ገባ። አንዷ የጋዜጣ ቅጠል በብብቷ ይዛ ገባች። አንገታቸውን ደፍተው፣ እኔን በግልምጫ እየወጉ ገቡ። ግን ሁሉም አልመጡም። ከፊሎቹ ደወሉን ሲሰሙ በጓሮ በር ወጥተው መኪናቸውን አስነስተው ጠፍተዋል። ስኳሬም ሽንት ቤቱን ከውስጥ ቆልፎ "ወጥቻለሁ በሉልኝ" ማለቱን በኋላ ሰማሁ። ሁለት ሠራተኞች በረድፎቹ መሃል እየሄዱ በጣታቸው ቆጠሩን። ሲጨርሱ ጆሮ ለጆሮ ተነጋገሩ፣ እንደገና ቆጠሩ።

"አንድ ሰው ይጎድላል" አሉ አፈ ጉባኤው።

ተጠሪው ፈጠን ብሎ "የጎደለው አባል ኮሪደር ላይ አሉ። ይግቡና ይቆጠሩ" አለ።

ጋሼን ማለቱ ነው! ሰውየውን በራሳቸው መታሰሪያ ላይ ሊያስቆጥራቸው። በሩ ተከፈተ። ጋሼ ደፉ ላይ መጥተው ቆሙ። እግዜር ያሳያችሁ፣ እኚህ ሰው ደንብ ከተባለ እሳት ውስጥ የሚገቡ ናቸው። ይገባሉ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ደንቡ ውጡ አለኝ፣ ወጣሁ" አሉ። "ተመልሰው ገብተው ይቆጠሩ የሚለውን አንቀጽ ያሳዩኝና እገባለሁ።"

ጸሐፊው መጽሐፉን ገለጠ፣ መልሶ ገለጠ። ከኋላ ረድፍ የሆነ ሰው ሳቀና ሳቁን በሳል አስመሰለው። አንቀጹ አልተገኘም። አፈ ጉባኤው ምልዓተ ጉባኤ ስላልተሟላ ጉዳዩ ከእረፍት መልስ ይታያል ብለው መዶሻውን አሳረፉ። ጋሼ ያን ዕለት ቤታቸው ሄዱ።

ስንወጣ ከጎኔ የሚሄድ ሰው አልነበረም። እኔ ስጠጋ ኮሪደሩ ይሰፋል። ተጠሪው ብቻ ተጠጋኝና ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። "እህቴ፣ ለካ ድምፅ አለሽ" አለኝ በለስላሳ አነጋገር። ሰድቦኝ ቢሆን ኖሮ እሰድበው ነበር። ልስላሴው አጥንቴ ድረስ ገባ።

ቤቴ ስደርስ ባሌ ሱቁን በቀን ዘግቶ ሳሎን ተቀምጧል። ስብሰባው በሬዲዮ ቀጥታ ይተላለፋል፤ ሁሉንም ሰምቷል። እግሩ ሥር ቦርሳ አለ። የእኔ ቦርሳ ነው፣ የጉዞዬ።

"ልታባርረኝ ነው?" አልኩት። ልቀልድ ፈልጌ ነበር።

"ሹራብሽን ከትቼዋለሁ" አለ። "የደም ግፊት መድኃኒትሽንም። ቀዝቃዛ ወለል ላይ እንዳትቆሚ ነጠላ ጫማም አለ። ካልሲ ሁለት ጥንድ። ሌላ ምን እንደሚያስገቡላችሁ አላውቅም።"

"አንተ ሰውዬ፣ እኔን እኮ አሁን መያዝ አይችሉም! ምክር ቤቱ ዝግ ነው። እስኪከፈትና ድምፅ እስኪሰጥ ማንም አይነካኝም። ሕግ ነው።"

"ሕጉን ነው የማላምነው። ስትናገሪ ድምፅሽ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁት" አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። "ምነው ዝም ብትይ። ማለሽልኝ አልነበር?"

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ይቅርታ አላልኩትም፣ እሱም አላለኝም። ከዚያ ያን ቦርሳ የሚያነሳው ጠፋ። በእረፍቱ ጊዜ ሁሉ በሩ አጠገብ እንደተቀመጠ ኖረ። መኪና ደጃፋችን ላይ በቆመ ቁጥር ማንኪያ ከእጃችን ይወድቃል። ትንሿ ልጄ ቦርሳውን እየዘለለች ነበር ትምህርት ቤት የምትሄደው። "እማዬ፣ መቼ ነው የምትሄጂው?" አለችኝ አንድ ቀን። ባሌ ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ።

የፈራነው አልቀረም። ምክር ቤቱ ዛሬ ሲከፈት የመጀመሪያው አጀንዳ የሁለታችን ስም ነው፤ እሳቸው በሚስጥሩ፣ እኔ የምክር ቤቱን ሥራ በማደናቀፍ።

ተጠሪው ከባለፈው ተምሯል። ሻይ ቤቱ በር ላይ "በእድሳት ላይ ነን" የሚል ወረቀት ተለጥፎ ከውስጥ ግን አንድም የመዶሻ ድምፅ የለም። በጓሮ በር ጥበቃ ቆሟል። ሽንት ቤት ለመሄድ ከስብሰባው አስተባባሪ ፈቃድ ይጠየቃል፣ አስተባባሪው ደግሞ "እስከ ድምፅ አሰጣጡ ይታገሡ" ይላል። አዳራሹ ጢም ብሏል። አንድ ወንበር አልተረፈም። ዛሬ ይቆጠር ብሎ የሚነሳ ሰው ቢኖርም የሚቆጠረው ሙሉ ነው።

መልሴን ስሰጥ ድምፄ ዛሬም ተንቀጥቅጧል። "መናኸሪያ ሳለሁ ሳይሞላ የሚወጣ አውቶቡስ አስቁሜ አውቃለሁ" አልኩ። "ያኔ ሹፌሩ ሰደበኝ እንጂ አላሳሰረኝም።" ያን ብዬ ወጣሁ። ጋሼ የተናገሩት ከእኔም አጭር ነው። ባለፈው የረሱትን መነጽር በእጃቸው ይዘው "ዛሬ አልረሳሁትም" ብለው ወጡ።

እና ይኸው እዚህ ተቀምጠናል። ቦርሳዬ እግሬ ሥር ነው። ጠዋት ባሌ ራሱ ተሸክሞልኝ እስከ ግቢው በር ድረስ መጣ፣ አስረከበኝ። አሁን ሱቁ ውስጥ ሬዲዮውን አቅፎ እንደተቀመጠ አውቃለሁ። ከአዳራሹ በር በላይ ድምፅ ማጉያ አለ። ውስጥ የሚባለውን ሁሉ እንሰማለን። ባንሰማ ይሻል ነበር።

ሰብሳቢዋ ሪፖርቷን ጨረሰች። አፈ ጉባኤው "አስተያየት የሚሰጥ አለ?" አሉ። የለም። ወረቀት ሲገላበጥ ይሰማል። ተጠሪው ብዕሩን ሲያስተኛ ታየኝ። ጫማውን የሚያየው ፖሊስ ቀና ብሎ አየን፣ ጓደኛውም ስልኩን ኪሱ ከተተ።

"ተቃውሞ ያለው?"

ዝም። ማጉያው ጭጭ አለ፤ ያ ሁሉ ሰው ውስጥ ተቀምጦ አንድ የሚተነፍስ የለም። ልጄ ቦርሳውን ስትዘልል ትዝ አለችኝ። በቃ፣ አለቀ። አሁን "ድምፀ ተአቅቦ" ይሉና መዶሻው ይወርዳል።

ሳል ተሰማ። ከዚያ ቀጭ አለ፤ ማይክራፎን ሲከፈት የሚያሰማው ድምፅ ነው።

"ክቡር አፈ ጉባኤ" አለ አንድ ድምፅ። ያውም የሚርገበገብ፣ አየር ያጠረው ድምፅ። አወቅሁት። ስኳሬ! "እኔ... ሽንት ቤት ልሄድ ፈቃድ ጠይቄ ነበር።"

"ክቡር አባል፣ ድምፅ እየተሰጠ ነው።"

"አውቃለሁ። ከለከሉኝ። ሻይ ቤቱም ተዘግቷል። እዚሁ ነኝ እንግዲህ፣ የት ልግባ?" እንደገና ሳለ። ሲናገር ጥርሱ የሚጋጭ ይመስል ነበር። "እዚህ ቁጭ ብዬ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። እቃወማለሁ። እጄን እያወጣሁ ነው፣ ይታያችኋል?"

የሳቀ የለም። ያን ሁሉ ጊዜ የሳቅንበት ሰው! ተደብቆ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ሁሉ ራሱ ተጠሪው ደፈነበት፣ ፈሪውም መሸሻ ሲያጣ ዞሮ ቆመ።

"አንድ ተቃውሞ" አሉ አፈ ጉባኤው።

መዶሻው ይወርዳል ብዬ ጠበቅሁ። አልወረደም። ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማ። ከዚያ ሌላ ወንበር።

"እጅዎን ከፍ ያድርጉልን... እሺ። ሁለት። ከኋላ... ሦስት። ቆይ፣ ሠራተኞች በየረድፉ ቁጠሩልን።"

የሚበቃ ይሁን አይሁን አላውቅም። ግማሹን ማለፍ አለበት፣ ብዙ ነው። ፖሊሶቹ እርስ በርስ ተያዩ። የጋሼ እጅ መጥቶ እጄን ያዘኝ። በረዶ የመሰለ እጅ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ይንቀጠቀጣል፣ እኔንም፣ አግዳሚውንም አንገጫገጨው። ዞሬ አየኋቸው። ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል።

"ጋሼ፣ ይፈራሉ እንዴ?"

"አንቺ ልጅ" አሉኝ እጄን ሳይለቁ፣ "ያልፈራሁበት ቀን መቼ ነበር?"

አጥብቄ ያዝኳቸው። ውስጥ ገና እየቆጠሩ ነው።